ማራገቢያ ያለው ምድጃ

አልጋነሽ በእህል ጥራት ቤተ ሙከራ የዱቄት እርጥበት ስትለካ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አሮጌው የማድረቂያ ምድጃ ሲቃጠል አዲስ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። እሷ ማራገቢያ የሌለው ይገዛ አለች። ኃላፊው አቶ ሽብሩ ልባቸው ያረፈው ግን ማራገቢያ ባለው ላይ ነበር።

«ቶሎ ያደርቃል፤ ዘመናዊም ነው» አሉ።

«ዱቄት እኮ ነፋስ ሲነካው ይበናል፣ ጋሼ። የአንዱ ገበሬ ከሌላው ይቀላቀላል። የዓመት ልፋቱ በእኛ ስህተት ይወድቅበታል።»

«ይሄ ግምት ነው፣ ወይዘሮ አልጋነሽ።»

በማግስቱ ኮሚቴውን እንዲህ ያለ ምድጃ ወዳለው ጎረቤት ፋብሪካ ይዛ ሄደች። በአንድ ሳህን የነጭ ጤፍ፣ በሌላው የቀይ ጤፍ ዱቄት አድርጋ ጎን ለጎን አስገባች። ከሁለት ሰዓት በኋላ በሩን ስትከፍተው ነጩ ዱቄት ላይ ቀይ ብናኝ ተነስንሶበታል። አቶ ሽብሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው አዩት።

«እውነትዎን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።»

አልጋነሽ ያን ቀን ቤቷ የገባችው እያንጎራጎረች ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ሰው ሰምቷታል።

በወሩ አዲሱ ምድጃ መጣ። ሠራተኛው ሲሰካው ከውስጡ የማራገቢያ ድምፅ ተሰማ። አልጋነሽ የሆነ ስህተት ተፈጥሯል ብላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ስትሮጥ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሟን አየችና ቆመች።

«በወይዘሮ አልጋነሽ ሙከራ የተረጋገጠውን ችግር ለመቅረፍ ሲባል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤተ ሙከራው ነጭ ጤፍ የማይቀበል መሆኑን እናስታውቃለን።»