የታሰረው ፌስታል

ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ ጎርፍ ቤት ለቤት ከገባ ወዲህ፣ የውብዳር ከአሮጌ መጋረጃ የጨርቅ ቦርሳ እየሰፋች ለሰፈሩ ሁሉ አደለች። "ፌስታል ይቅርብን" ብላ ለመነቻቸው፤ ሁሉም እሺ አሏት። ሆኖም በየሳምንቱ ደጇ ላይ ያለውን ቦይ ስትጠርግ፣ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ አንድ ጥቁር ፌስታል አታጣም።

ዛሬ መረራት። ጎረቤቷን እትዬ ዝናሽን ጠራቻቸው።

"ምስክር ይሁኑኝ። ከፍቼ የማን ቆሻሻ እንደሆነ አይና በዕድር ስብሰባ ላይ ስሙን እጠራለሁ።"

"ተይ ልጄ፣ ከሰው አትጣይ።"

"አምስት ጊዜ ዝም አልኩ። አሁንስ በቃኝ።"

ቋጠሮው አልፈታ ሲላት ፌስታሉን በእልህ ቀደደችው። የብርቱካን ልጣጭ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከልጣጩ መሃል ሰባት ግማሽ ኪኒኖች ወጡ፤ ሐኪሙ ግማሽ ግማሹን ስላለ፣ እሷው በቢላ እየከፈለች ጠዋት ጠዋት አባቷን በእጃቸው የምታስይዛቸው የልብ መድኃኒት።

እትዬ ዝናሽ ጠጋ አሉ። "የማን ሆኖ ተገኘ?"

የውብዳር ኪኒኖቹን ለቅማ እጇን ጨበጠች።

"አይታወቅም" አለች።