የእረፍት ጊዜ ንባብ

«የአሜሪካ ዜግነት ፈተናውን ወደቀ አሉ፤ ታሪኩ ነው የጣለው» ስትል አንዷ ሴት፣ ሌላዋ «ቀስ በይ፣ ይሰማል!» ያለቻት ዛሬም በአባትየው ጆሮ ያቃጭላል። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይህን ከሰማ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ እንደገና ለመፈተን አፈረ፤ ሴት ልጁንም «ጊዜ አጣሁ» እያለ መውደቁን ደበቃት።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ «አባዬ፣ መስከረም ላይ ከባዱን የአሜሪካ ታሪክ ትምህርት እጀምራለሁ። ሳነብ አዳምጠኝ፤ ስጠይቅህ መልስልኝ፣ በዚያው ይያዝልኛል» አለችው። በየምሽቱ በስመ አብ ብሎ ተቀመጠ፤ አዳመጠ፣ መለሰ።

መጽሐፉ ሲያልቅ «እግዜር ይመስገን፣ ደረስሽ!» አላት።

«እኔማ ትምህርቱን ሰኔ ላይ ጨርሼዋለሁ» አለች፣ ፊቱን ላለማየት አቀርቅራ። «ያኔ አዳራሹ ውስጥ እጄን ይዘኸኝ ነበር፤ ሴቶቹ ያሉትን እኔም ሰምቻለሁ።»

መጽሐፉን ከእጇ ተቀበለ።

«እሺ» አለ፣ «እፈተናለሁ። አንቺ ግን በር ላይ ጠብቂኝ።»