የቃላቱ አድራሻ

ወይዘሮ ትርንጎ በሕመም አንደበቷ ከተዘጋ ወዲህ፣ ሐሳቧን ወደ ድምፅ የሚለውጥላት ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ሰርቨር ነበር። ሰርቨሩ ባለፈው ሳምንት ራሱን ካደሰ በኋላ ግን፣ የአርባ ዓመት ባሏን አቶ ደርሶን «እርስዎ» ማለት ጀመረች።

«በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ እኮ» አላት ደርሶ ለጥገና የመጣችውን ሐያትን። ከመስኮቱ ውጭ የደሴ ጉም ቤቶቹን አንድ በአንድ ይውጣቸው ነበር።

ሐያት ሰርቨሩን ከፍታ አየች። «አባባ፣ ቃላት የሚወስድበት አድራሻ ተቀይሯል። አሁን የሚያነበው ለሁሉም ሰው ከተሠራው ማኅደር ነው። እርሳቸው በጤናቸው ጊዜ ሲናገሩ ወደተቀዳው ልመልሰው እችላለሁ። ግን የሚቀበለው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ቃል አይኖራቸውም።»

«ኤፍራታስ?» አለ ደርሶ። የልጅ ልጃቸው የተወለደችው ከሕመሙ በኋላ ነው።

«ስሟን መጥራት አይችሉም።»

«በቃ ተይው። እርስዎ ትበለኝ።»

ትርንጎ ግን እጁን ያዘችና ወደ ሐያት ዞረች። «እባክዎ ይመልሱልኝ» አለች፣ በዚያ በጨዋ ድምፅ።

ሐያት አንዷን መስመር ለወጠች። ሰርቨሩ ጠፍቶ እንደገና በራ። ደርሶ ዓይኖቹን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«አንተ ደርሶ፣ ምን ያስለቅስሃል?» አለች ትርንጎ።

ኤፍራታ ድክ ድክ እያለች ከጓዳ ወጣች። ትርንጎ ልትጠራት ፈለገች፤ ድምፅ አልመጣም። ዓይኖቿን ጨፍና በድሮ ቃላቷ መካከል ብዙ ፈለገች።

«ነይ፣ ጠምበለል» አለች በመጨረሻ፣ በአበባ ስም ጠርታት።

ሕፃኗ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ መጣች።