ስሙን የጠራችው

ቶልቂን በኡዝቤኪስታኗ ከተማ በቹስት ገበያ ቆብ እየሸጠ፣ በአንድ ጆሮው በሰካው ማዳመጫ ሚስቱን ናሲባን ያዳምጣል። ስልኳ ላይ ተደብቆ የጫነው መተግበሪያ የቤቱን ድምፅ ሁሉ ያመጣለታል፤ የድስቱን ክዳን፣ የቧንቧውን ውሃ፣ እንጉርጉሮዋን። ሳምንቱን ሙሉ በቅናት ሲንገበገብ ከርሞ የያዘባት ነገር የለም።

በጎረቤቱ ሱቅ ሬዲዮ የምክር ቤት አባላት፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ መጥለፍ ይፈቀድ አይፈቀድ እያሉ ይከራከራሉ።

«የኔዋን ይጥለፉልኝና ጭቅጭቋን እነሱ ይስሙት፤ እኔም ልረፍበት» አለ ቢላ ሻጩ ቁድራት።

ቶልቂን ሊስቅ ሲል፣ ጆሮው ውስጥ ናሲባ ሳቀች። እሱ ፊት እንዲህ ስቃ አታውቅም።

«ቶልቂን» አለች ቀስ ብላ። «የኔ ቶልቂን።»

በእነሱ ደንብ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ልጃቸው ሳይወለድ «እርስዎ»፣ ከተወለደ ወዲህ «የኦይቤክ አባት» ትለዋለች እንጂ፣ ስሙ ካፏ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ሌላ ቶልቂን አለ ማለት ነው። ስሙን የሚጋሩትን የሰፈሩን ወንዶች አንድ በአንድ እያሰበ ደሙ ፈላ።

«ምን ሆንክ አንተ? ፊትህ ጠቆረ» አለው ቁድራት።

ቶልቂን በእጁ ዝም አሰኘው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው የሻይ ስኒ አስቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀስ ብለሽ ሳቂ» አለ ሰውየው። ድምፁ፣ ከሰሞኑ ጉንፋን የተረፈው መጎርነን ሳይቀር፣ የራሱ የቶልቂን ድምፅ ነበር። «ያኛው ገበያ ሆኖ ያዳምጠናል።»