ይከፈት የምትሉ

«በሩን ምን ዓይነት ቀለም እንቀባው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

መካኒኩ ከወንበሩ ተነሳ። ከጋራዥ ሮጦ ስለመጣ ግራሶው ከጥፍሩ አልለቀቀም። «ስለ ቀለሙ ከማውራታችን በፊት ይከፈት አይከፈት የሚለውን እንጨርስ ብያለሁ እኮ!»

«ተራህን ጠብቅ፣ ወንድሜ።»

«ጠብቄ ጠብቄ ጢሜ ሊሸብት ነው!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሱ ግን አንጀቱ አርሯል። የሰፈሩ ማኅበር «ሌባ በዛ» ብሎ የኋላውን መተላለፊያ በብረት በር ከዘጋው ወዲህ፣ ዓይነ ስውር አባቱ ብቻቸውን ከቤት መውጣት አቁመዋል። ድሮ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወደ ሠሩበት የአናጢ ቤት ይሄዱ ነበር። እዚያ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀላለዳሉ። በሩ ሲዘጋ በዋናው መንገድ ዞረው ሊሄዱ ሞከሩ፤ ሞተር ብስክሌት ገጭቶ ጣላቸው። ጉልበታቸው ድኗል። አሁን ግን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ መልሰው ይከፍታሉ።

«ቀን ቀን ብቻ ይከፈት ነው የምለው» አለ መካኒኩ። «ማታ ቆልፉት።»

«ቀን ማን ሊጠብቀው ነው?» ሊቀመንበሩ ሰፈሩ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፤ ነገር ማሳደር ግን ይችልበታል። «ሐሳቡ ጥሩ ነው። ኮሚቴው ይየው።»

«ኮሚቴው ማን ነው?»

«እኛው ነን።»

«ታዲያ እዩታ! ይኸው ተሰብስባችሁ የለም እንዴ?»

ለስብሰባው በሰው ተመርተው መጥተው ጎኑ የተቀመጡት አባቱ እጅጌውን ጎተት አደረጉት። «ቁጭ በል ልጄ፤ እኔ ልናገር።» በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና ፊታቸውን የሊቀመንበሩ ድምፅ ወደመጣበት አዞሩ። «ጎረቤቶቼ፣ ሌባ እንደሆነ አጥርም ይዘላል። እኔም እዘል ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ረፈደብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሊቀመንበሩም ሳይወድ ሳቀ። «ተሳካ» አለ መካኒኩ በሆዱ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት፤ እሱ ጋራዥ ሲውል ለአባቱ ምሳ የምታቀርብላቸውም እሷ ናት። ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች።

«አባባ፣ እርስዎ ያውቁኛል። የስፌት መኪናዬን በጠራራ ፀሐይ ነው በዚያ መተላለፊያ ይዘውብኝ የሄዱት። የልጆቼ እንጀራ እሱ ነበር። ይኸው እስካሁን በሰው መኪና ነው የምሠራው። ቀን ይከፈት ሲባል…» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ይቅር ይበሉኝ» ብላ ቁጭ አለች።

መካኒኩ የሚጮህበት ሰው ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

«እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አለ ሊቀመንበሩ። «የኋላው በር ቀን ቀን ይከፈት የምትሉ፣ እጅ!»

አባቱ ቀድመው አወጡ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። መካኒኩም አወጣና ዞሮ አየ። መስኮቱ ሥር አንዲት አሮጊት፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች። በቃ። ቅድም በሳቅ የፈረሰው ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። የልብስ ሰፊዋ እጅ ከጭኗ ትንሽ ተነሳ፤ ተመልሶ ወረደ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። መዳፉን ወደ ታች ዘርግቶ «አውርዱ» የሚል ምልክት ብቻ ሰጠና ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። አሮጊቷ አወረደች። ጎረምሶቹ አወረዱ። መካኒኩም እጁ ሳይታወቀው ወረደ።

የአባቱ እጅ አልወረደም።

«ቆጠሩ?» አሉት ቀስ ብለው።

መካኒኩ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ገና እየቆጠሩ ነው፣ አባዬ።»

«ይህን ያህል ካስቆጠራቸው ብዙ ነን ማለት ነው» አሉ አባቱ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ፤ ክንዳቸውንም ይበልጥ ከፍ አደረጉ።

መካኒኩ እጁን አንስቶ ከአባቱ እጅ አጠገብ አቆመው።