የጀማሉዲን አምፖል

ሐሙስ ጠዋት ሉሊት ሰመራ ካለው ቤት ስትወጣ ሻንጣዋ ከወትሮው ከብዷል። ቻላቸው በር ላይ ቆሞ ሻንጣውን አየው።

«ዛሬም ደሴቷ?» አላት።

«አዎ ጋሼ። የቀረው የጀማሉዲን ቤት ብቻ ነው። እሱ ከበራ አለቀ፣ ኢንሻአላህ።»

ደሴቷ ከዱብቲ በታች አዋሽ ለሁለት ተከፍሎ መሃል ላይ የተዋት መንደር ናት። የመብራት ምሰሶ አይደርስባትም። ሉሊት የሶላር ባለሙያ ናት፤ ፓኔልና ባትሪ በጀልባ እያሻገረች ቤት ለቤት ታበራለች። ሥራ ነው፣ ማን ክፉ ይላል? ግን የአንድ ሰው ስም ሲነሳ ከአምፖሉ በፊት ፊቷ የሚበራው ለምንድን ነው?

ቻላቸው እርር ድብን ይላል። እዚህ ቤት ስትገባ ክፍሉን አስቀብቶ፣ ቬንትሌተር ገዝቶ፣ የገዛ ሽበቱን እንኳ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ከሥራ ስትመለስ «ደክሞኛል» ብላ በሯን ትዘጋለች። ከዚያ በግድግዳው ማዶ ስልክ ይዛ ስትስቅ ይሰማታል።

«ጀማሉዲን፣ ተው እንጂ!»

ምናለ ለእሱ አንዴ እንኳ እንደዚያ ብትስቅለት።

እንደሄደች ክፍሏን ከፍቶ ገባ። ልብሷ የለም፤ ፎጣዋም የለም። ልትቀር ነው! ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ፤ የቻላቸው ልብ ግን ካየ ቆይቷል። በሚኒባስ ዱብቲ ወረደ፤ ከዚያ በባጃጅ ወንዙ ዳር ደረሰ።

አፋር አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ማን እንደሆንክ፣ ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ ትናገራለህ። ጀልባ ቀዛፊውም ጠየቀው።

«ስምህ ማነው?»

«ቻላቸው።»

«ከየት መጣህ?»

«ከሰመራ። ሉሊትን ልመልሳት ነው።»

«ምኗ ነህ?»

ቻላቸው ዘሎ ጀልባው ላይ ወጣ። ቀዛፊው ወደ ማዶ በአፋርኛ ተጣራ፤ ማዶ ያለው ሰው ወሬውን ተቀብሎ ወደ መንደሩ አሳለፈው።

ቻላቸው የሚላትን እያጠና ተሻገረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ጎደለብሽ? ምን አጠፋሁ?»

ሉሊት የመንደሩ ጫፍ ላይ ካለ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሆና ፓኔል ታስራለች። አንድ ረጅም ወጣት መሰላሉን ይዞላታል። ቁልቁል እያየችው ትስቃለች፤ ያንኑ በግድግዳው የሚሰማውን ሳቅ። የቻላቸው ደም ፈላ። ቡጢውን ጨብጦ ተጠጋ።

ወጣቱ ዞር አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ቻላቸው! ዳጉ ቀድሞዎት ደርሷል፤ ሚስቴን እንደ ልጅዎ አድርገው የያዙልኝ አከራይዋ እርስዎ ነዎት አይደል?»