የሰሀር ሐሙስ

ሰሀር ሽኩር ከቡታጅራ መጥታ የገባችው ኮልፌ፣ አጠና ተራ ጀርባ፣ የወይዘሮ ዋጋነሽ ግቢ ነው። ግቢው አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪና መዓት ተከራይ ነበረው። ክፍሎቹ የተለያዩት በኮምፔንሳቶ ስለሆነ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ «ይማርህ» ይባላል። ሰው ከሚስቱ ጋር ሲጣላ አስታራቂው ከአልጋው ሳይነሳ ያስታርቃል።

ክፍሏን የምትጋራት ኢህሳን ናት። የአገሯ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሠላሳን ያለፈች፣ ያላገባች፣ ሶላቷን የማታሳልፍ፣ ሳቅ የማታበዛ። የሰሀር አባት አቶ ሽኩር ልጃቸውን አደራ የሰጡት ለእሷ ነው። አደራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሀምዳን የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ ከአባቷ የማይተናነስ ነጋዴ ሰሀርን ለትዳር ጠይቋል። አባቷ «በሥርዓት ከኖረች ትቆይ። አንድ ነገር የሰማሁ ቀን ግን ኒካሁ ይታሰራል» ብለው ነው የለቀቋት።

ሰሀር ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ተቀጠረች። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ደግሞ ወጣቶች ግጥም የሚያነቡበት ካፌ መሄድ ጀመረች። የምትጽፈው ስለ ግቢው ነው፤ ስለ ሽንት ቤቱ ወረፋ፣ ስለ ባልዲው ጠብ፣ አምፖል ስለሚቆጥሩት አከራይ። የመጀመሪያ ቀን ስታነብ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡላት። ከዚያ በፊት አንድም ሰው አፉን ዘግቶ ሰምቷት አያውቅም ነበር። «ዛሬ ሰው ሆንኩ» አለች ታክሲ ውስጥ፣ ለራሷ።

ለኢህሳን አልነገረቻትም። ኢህሳን ግን አወቀች፤ ሰሀር ግጥሟን የምትለማመደው ጮክ ብላ ነዋ። «ይሄ ነገር ይቅርብሽ» አለቻት አንድ ጊዜ።

አንድ ቀን ሰሀር ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ ኢህሳን ልብስ ማስጫው ሥር ስልክ ይዛ ቆማለች።

«አዎ አባ ሽኩር፣ ሐሙስ ሐሙስ ነው። አዎ፣ መሸት ሲል ነው የምትመለሰው» ትላለች። ሰሀርን ስታይ ስልኩን ዘጋችና አንገቷን ደፋች። «አስተግፊሩላህ» አለች በለሆሳስ።

በእኔ ኃጢአት ነው እንግዲህ ምሕረት የምትለምነው፣ አለች ሰሀር በሆዷ። ደሟ ፈላ።

በማግስቱ አባቷ ደወሉ።

«ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምታመሺ ሰምቻለሁ» አሏት።

ሰሀር ተነስታ በሩን ዘጋች።

«በርቺ እንግዲህ» አሉና ዘጉ።

አቶ ሽኩር ሲቆጡ ጮኸው አያውቁም፤ እንዲህ በአጭሩ ነው ሰው የሚያስጨንቁት። ሰሀር ያን «በርቺ» ስታላምጠው ሰነበተች። የሀምዳን ፂም ዓይኗ ላይ ይመጣባታል።

እሁድ የግቢው ሰው ሁሉ ቧንቧው ጋ ተሰለፈ። ኢህሳንም ጀሪካኗን ይዛ መሃል ቆማለች።

«አንቺ ገጣሚ፣ ወረፋው እንዳይሰለቸን እስቲ አንድ በይ» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ።

ሰሀር ይህን አጋጣሚ ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

አንድ ቧንቧ ለሁሉ፣ አንድ ሽንት ቤት ለሁሉ፤
ግድግዳ ጆሮ አለው እያሉ ያማሉ።
እኔ ግድግዳዬን ዳስሼ ሳጣራ፣
ለካ ጆሮው ያድራል ባልጋዬ ከኔ ጋራ።
ጠያቂ ባል ጠፍቶ ዕድሜ ሲነጉድባት፣
ሽማግሌ ልኮ ወሬ ነው ያገባት።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ወይዘሮ ዋጋነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ኢህሳን ጀሪካኗን ሳትሞላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የኢህሳን ስም «ጆሮዋ» ሆነ። ልጆቹ ሳይቀሩ ስታልፍ «ዝም በሉ፣ ጆሮዋ መጣች» ይላሉ። ተከራዮቹ ሰላምታ ነፈጓት። አከራይዋም «ግቢዬ ውስጥ ወሬ አቀባይ አላኖርም» አሉ። ሰሀር ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ ነው ቅቤ የጠጣው።

ኢህሳን ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰሀር፣ አባትሽ ስለ ሐሙስ ከጠየቁሽ…»

«አትምከሪኝ። የምትነግሪያቸውን ነግረሻል።»

«አንዲት ነገር ብቻ ስሚኝ።»

«መስማት ያንቺ ሥራ ነው።»

ኢህሳን በሩን ዘግታ ወጣች። ማንም አልሸኛትም።

ቀጥሎ የመጣውን ሐሙስ የመሰለ ሐሙስ ሰሀር አይታ አታውቅም። ያንኑ ግጥም ካፌው ውስጥ ደገመችው፤ ቆመው አጨበጨቡላት። አልጋውም ለብቻዋ ሆነ፤ እጅና እግሯን ዘርግታ ተኛች። አባቷም አልደወሉም። ወሬ አቀባይ ሲሄድ ወሬም ይሄዳል ብላ ደመደመች።

ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ የሀምዳን መኪና በሩ ላይ ቆሟል። አባቷ ግቢው መሃል ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ኢህሳን ስልክ አላነሳ ብትላቸው ነው የመጡት። የሰሀር ልብሶች በሙሉ ተጠቅልለው እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል።

«ልጅዎ እኮ የምትገርም ገጣሚ ናት» ይሏቸዋል ወይዘሮ ዋጋነሽ በኩራት። «ሐሙስ ሐሙስ ካፌው የሚሞላው በእሷ ነው አሉ። እኛንም ከዚያች ጆሮዋ የገላገለችን እሷው ናት።»

ሰሀር ቦርሳዋን ጣለችና አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባ፣ በአላህ» አለች፣ «ኢህሳን ስለ እኔ የነገረችህ ሁሉ ውሸት ነው።»

«ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቁርአን ትቀራለች ብላ ስትምልልኝ እኮ ነው» አሉ አቶ ሽኩር፣ «ሀምዳንን እስከ ዛሬ እምቢ ስለው የኖርኩት።»